የወያላዋ ጦጢት ዋጋ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ 24 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በቴሌግራም ቻናሌ ላይ ‹ወያላዋ ጦጢት› የሚል ኮሚክ በየሳምንቱ አወጣለሁ፤ 11 ሺህ ያህል ተከታይ አለኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አኒሜሽን ስቱዲዮ ገጸ ባሕርይዋን ‹ከነሙሉ መብቷ› በ150,000 ብር እንግዛሽ ብሎኛል፤ እኔንም በደመወዝ ሊቀጥረኝ ነው። ይህን ያህል ብር በአንዴ አይቼ አላውቅም። ልሽጥላቸው? ደግሞስ ኮሚክሱን ትቼ ሙሉ በሙሉ ወደ አኒሜሽን ብገባ አይሻልም? እንጀራው ያለው እዚያ ነው ይሉኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መልስ ከመጻፌ በፊት ቻናልሽን ከመጀመሪያው ሥዕል ጀምሬ አየሁት። ጦጢት ከሚኒባሱ በር ላይ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ፣ በሌላው ሒሳብ እየተቀበለች፣ በጅራቷ ደግሞ መልስ የምትሰጥበት ሥዕል ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ብላ ከጓዳ ወጣች። ጦጢት ያልበሰለች ብትሆን ኖሮ «ብሩን ተቀበይና ሌላ ሳዪ» ብዬ በሁለት መስመር እገላገል ነበር። ግን በስላለች።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ በቀረበልሽ አኳኋን አትሽጪያት። እንዲጠቀሙባት ፍቀጂ፣ የእነሱ እንድትሆን ግን አትፈርሚ። አኒሜሽኑን በተመለከተ ግቢበት፣ ተማሪው፣ ደመወዙንም ብዪ። ኮሚክሱን ግን እንዳትተዪው። ለምን እንደምል ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ቡናሽን ያዢ።

እኔም በአንድ ወቅት ንብ ነበረችኝ። የዛሬ 16 ዓመት ገደማ አንድ ድርጅት ስለ እጅ መታጠብ ለሚያሳትመው ፖስተር የምትሆን ገጸ ባሕርይ ሳልልን አለኝ። መነጽር ያደረገች፣ ቀሚሷ ጥለት ያለው ንብ ሳልኩላቸው። 6,000 ብር ከፈሉኝ፤ ያኔ ለእኔ የብዙ ወር የቤት ኪራይ ነበር። ውሉ ግማሽ ገጽ ነው። «ሥዕሉና ማንኛውም መብቱ» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ እኔ ያየሁት ግን ቁጥሩን ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ለልጄ ደብተር ልገዛ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስገባ፣ ንቢቱ ከነመነጽሯ በደርዘን በደርዘን ታስራ ባንኮኒው ላይ ተደርድራለች። ልጄ «አባዬ፣ ያንተ ንብ!» ብላ ጮኸች። ባለሱቁ ነገሩ ሲገባው «እንዲያ ከሆነማ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለኝ፤ አደረገልኝም። አሥር ደብተር ገዝቼ ወጣሁ። ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያ ላይ አየኋት። ቀጥሎ የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን ሆና፣ በማላውቀው ሰው ድምፅ ቴሌቪዥን ላይ ስታወራ ሰማኋት። ማንም አልሰረቀኝም፤ ፈርሜ ነው የሰጠኋቸው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኩሽ በቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።) በ1938 ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የ23 ዓመት ልጆች፣ ጸሐፊው ጄሪ ሲግልና ሣዩ ጆ ሹስተር፣ ሱፐርማንን በ130 ዶላር ለአሳታሚ ሸጡት። ታሪኩ ሲነገር ሁልጊዜ «በ130 ዶላር አታለሏቸው» ተብሎ ነው። ሒሳቡን ስታዪው ግን ሌላ ነገር ይወጣል፦ ሥራው 13 ገጽ ነበር፤ ለገጽ 10 ዶላር መሆኑ ነው። ለገጽ ሥራ ያ ዋጋ በጊዜው የማይታመን አልነበረም። ልጆቹ የእጃቸው ድካም ተከፍሏቸዋል። ሱፐርማን ራሱ ነው በነጻ የሄደው፤ ከገጾቹ ጋር ተጠቅልሎ፣ እንደ ምርቃት። ኋላ በ1947 ፍርድ ቤት ቆሙ፣ አልሆነላቸውም። በ1975፣ ሁለቱም ስልሳ ከሞላቸው በኋላ፣ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሕዝብ ሲያጉረመርም ነው ባለመብቱ ኩባንያ ለያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን በሥራው ላይ ሊመልስ የተስማማው። ያ 130 ዶላር የተጻፈበት ቼክ በ2012 ለጨረታ ቀርቦ በ160,000 ዶላር ተሽጧል። ወረቀቱ እንኳ ከእነሱ በላይ አወጣ።

አሁን የአንቺን ሒሳብ በዚሁ ዓይን እንየው። ሁለት ዓመት፣ በየሳምንቱ አንድ፣ ወደ መቶ ኮሚክ ሠርተሻል። 150,000 ለመቶ ሲካፈል ለአንዱ 1,500 ብር ይደርሰዋል። እንዲህ ሲታይ የቀረበልሽ የድካምሽ ዋጋ ነው፣ ያውም በልኩ። ለጦጢት የተቀመጠ ሳንቲም የለም። ስቱዲዮዎቹ ክፉዎች ናቸው እያልኩሽ አይደለም፤ የጦጢትን ዋጋ እነሱም አያውቁትም፣ አንቺም አታውቂውም፣ እኔም አላውቀውም። ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ አንዴ ተሽጦ አያልቅም። የሚከራየው ለዚህ ነው።

አኒሜሽን ሠሪዎችም ራሳቸው ይህን የተማሩት በግርፊያ ነው። ዋልት ዲዝኒ ከሚኪ ማውዝ በፊት ኦስዋልድ የሚባል ጥንቸል ነበረው። ሥራው ተወዶለት በ1928 የተሻለ ክፍያ ለመጠየቅ ኒው ዮርክ ሄደ። አከፋፋዩ ቻርልስ ሚንትዝ ጭራሽ ክፍያውን ልቀንስብህ አለው፤ ሠራተኞቹንም አብዛኞቹን በጎን አስፈርሞ ጨርሷል፤ ጥንቸሉም በውሉ መሠረት የፊልም ኩባንያው የዩኒቨርሳል ነው። ዲዝኒ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሚኪ የተወለደው ከዚያ ኪሳራ ነው፤ ከዚያ በኋላም የገጸ ባሕርይ ባለቤትነት ለማንም አሳልፎ ላለመስጠት ዲዝኒ የታወቀ ሆነ። ጥንቸሉ በ2006 ወደ ዲዝኒ ኩባንያ ሲመለስ በምን እንደተለወጠ ታውቂያለሽ? በአንድ የስፖርት ጋዜጠኛ። ዲዝኒ አል ማይክልስ የሚባለውን የጨዋታ አስተላላፊ ከውሉ ለቅቆ የዩኒቨርሳል እኅት ኩባንያ ወደሆነው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን እንዲሄድ ሲፈቅድ፣ እነሱ ኦስዋልድን መለሱ። ከ78 ዓመት በኋላ በሰው የተለወጠ ጥንቸል እሱ ብቻ ይመስለኛል።

እንግዲህ አኒሜሽን ለምን ሁልጊዜ «ሙሉ መብት» እንደሚል እንየው። ይህን ካልተረዳሽ ስቱዲዮው ስግብግብ ብቻ ይመስልሻል። ነገሩ ከቁጥሩ ይመጣል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። በእጅ ሲሣል አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያነሱ ወደ 12 ያወርዱታል። የአምስት ደቂቃ ታሪክ 300 ሰከንድ ነው፤ 300 በ12 ሲባዛ 3,600 ሥዕል ይሆናል። አንቺ በቀን 25 ንጹሕ ሥዕል ብታወጪ፣ ያውም ጀርባው፣ ቀለሙና ድምፁ ሳይቆጠር፣ 144 የሥራ ቀን ያስፈልግሻል። አምስት ደቂቃ ለማየት ለሰባት ወር ትሠሪያለሽ ማለት ነው። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ግን ኮሚክሱ 28 ሳምንት ወጥቷል፣ 28 ጊዜ ሰው ስቋል።

ለዚህ ነው የአኒሜሽን ታሪክ ግማሹ ሥዕል የመቀነስ ታሪክ የሆነው። ሐናና ባርቤራ ቶምና ጄሪን ለሲኒማ ሲሠሩ ጊዜና ገንዘብ ነበራቸው። በ1957 ይሠሩበት የነበረው ስቱዲዮ የካርቱን ክፍሉን ሲዘጋባቸው ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ፤ የቴሌቪዥን በጀት ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ያኔ ያመጡትን ብልሃት እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ዮጊ የሚባለውን ድብ አይተሽው ከሆነ አንገቱ ላይ ኮሌታና ክራቫት አለ። ድብ ክራቫት ምን ያደርግለታል? ኮሌታው ስፌቱን ይሸፍናል። ጭንቅላቱን ከአካሉ ለይተው በተለያየ ሉህ ላይ ይሥሉታል፤ ሲያወራ አካሉ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ብቻ ይለወጣል፣ መገናኛው ኮሌታው ሥር ተደብቋል። አንድ ቁራጭ ጨርቅ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል አዳነች።

ዛሬም የአገራችን ስቱዲዮዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ በኮምፒውተር መሆኑ ብቻ ነው። ገጸ ባሕርይዋን ከፊት፣ ከጎን፣ በግማሽ ዞራና ከኋላ ትሥያታለሽ፤ እጅ፣ ክንድ፣ ጅራት፣ ዓይን እየተቆራረጠ በመገጣጠሚያው ይታሠርና «ሪግ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጦጢት እንደ አሻንጉሊት ትንቀሳቀሳለች። እዚህ ላይ ልብ በይ። ሪጉ አንዴ ከተሠራ በኋላ የአንቺ እጅ አያስፈልጋቸውም። ሦስት ወር ትቀጠሪና አሥር ዓመት ትንቀሳቀሳለች። በእጅ በሚሣለው ዘመን ሣዩ ከሥራ ቢወጣ ሥራው ይቆም ነበር፤ በሪግ ዘመን ግን ደመወዝ ጥበቃ አይሆንሽም፣ የሚጠብቅሽ ውሉ ነው።

መቼም ስለ ሙያው ከተነሣ አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም፤ ብትቀጠሪም ባትቀጠሪም ይጠቅምሻል። ከኢንተርኔት የሚወርዱት የአፍ ሠንጠረዦች ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ናቸው። ብዙ ልጆች እነሱን ይዘው አማርኛ ያስነግሩና አፉ ከቃሉ ጋር አልገጥም ይላል። ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበት አፍ አለበት፤ እኛ ጋ ያ ድምፅ የለም። ፊደላችን ግን ራሱ የአፍ ሠንጠረዥ ነው። ካዕብና ሳብዕ (ቡ፣ ቦ) ከንፈር ያሞጠሙጣሉ፤ ሣልስና ኃምስ (ቢ፣ ቤ) ወደ ጎን ይለጥጣሉ፤ ራብዕ (ባ) ይበረግዳል፤ ግዕዝ (በ) ገርበብ ያደርጋል፤ ሳድስ (ብ) እምብዛም አይከፈትም። በዚህ ላይ ከንፈር የሚገጥምባቸውን መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ እና የታች ከንፈር የላይ ጥርስ የሚነካበትን ፈ ጨምሪ። በቃ፣ ሰባት ስምንት አፍ ይበቃሻል። ጦጢት «ፒያሳ! ፒያሳ! ፒያሳ!» ብላ ስትጣራ ስንት አፍ ያስፈልጋታል? ግጥም፣ ልጥጥ፣ ብርግድ፣ ብርግድ፤ ሦስት ሥዕል ብቻ ነው፣ እሱኑ ማዞር ነው። ወያላ መምረጥሽ በአጋጣሚ ይሁን በጥበብ አላውቅም እንጂ፣ ሲጣራ ውሎ የሚያድር ገጸ ባሕርይ ለአኒሜተር ስጦታ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ያ 3,600 ሥዕል፣ ሪግም ቢሆን ያ ሁሉ ደመወዝ፣ ድምፅ ቀረጻ፣ ኮምፒውተርና መብራት ከሆነ ሰው ኪስ ይወጣል። ገንዘብ ያወጣ ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚያስርበት ካስማ ይፈልጋል፤ ካስማው ገጸ ባሕርይዋ ናት። ፊልሙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አያተርፍም። የጃፓኑ ሣይ ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 አስትሮ ቦይ የሚባለውን ካርቱን በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ሲጀምር፣ ክፍሎቹን ከሚያወጣው ወጪ በታች ነበር የሸጣቸው። ጉድለቱን ሊሸፍን ያሰበው ከገጸ ባሕርይው ፈቃድ፣ ከአሻንጉሊቱና ስፖንሰር ከሆነው የቸኮሌት ፋብሪካ ነበር። ያን ማድረግ የቻለው ደግሞ አስትሮ ከ1952 ጀምሮ በኮሚክስ የታወቀ፣ ባለቤቱም እሱ ራሱ ስለነበር ነው። እንዲያም ሆኖ የመሠረተው ስቱዲዮ በ1973 ከስሯል። ሣዩ ግን እርሳሱን አልጣለም፤ እስኪሞት ሣለ። ስቱዲዮ ይከስራል፣ ገጸ ባሕርይ ይቀራል። ለሚቀረው ነገር ባለቤት መሆን የሚሻል ይመስለኛል።

ኮሚክስ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ርካሽ ነው። ርካሽነቱን ሰዎች እንደ ድህነት ያዩታል፣ እኔ ግን ነጻነት እለዋለሁ። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ወይም ያቺ ስክሪኗ የተሰነጠቀ ታብሌትሽ (አንዱ ፖስትሽ ላይ አይቻታለሁ፤ እግዜር ይጠብቃት)። የማንም ገንዘብ ስለሌለበት የማንም ካስማ የለበትም። በ1984 ኬቨን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ የኒንጃ ኤሊዎቹን የመጀመሪያ ኮሚክ ከግብር በተመለሰላቸው ብርና ከኢስትማን አጎት በተበደሩት ገንዘብ 3,000 ቅጂ ያህል አሳተሙ። ቀልድ ነበር የጀመሩት። ሲሸጥ፣ የአሻንጉሊት ኩባንያና ቴሌቪዥን ሲመጡ፣ ኤሊዎቹ በእነሱ እጅ ስለነበሩ የተደራደሩት እንደ ባለቤት ነው። 25 ዓመት ቆይቶ በ2009 መብቱ በ60 ሚሊዮን ዶላር ለቫያኮም ኩባንያ ተሸጠ። እነሱም ሸጡ እኮ! እኔ «ለዘላለም አትሽጪ» አላልኩሽም። የሸጡት ግን የዕቃው ዋጋ ከታወቀ በኋላ ነው።

ለአንቺ ከሁሉም የሚቀርበው የማት ግሮኒንግ ነገር ነው። ከ1977 ጀምሮ «ላይፍ ኢን ሄል» የሚል የጥንቸሎች ኮሚክ ይሥል ነበር፣ ጋዜጣ በጋዜጣ ያደገ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የሆሊውድ ፕሮዲዩሰር ጥንቸሎቹን ወደ አኒሜሽን እንለውጣቸው ብሎ ጠራው። ቢሮው በር ላይ ተቀምጦ ተራ እየጠበቀ ሳለ ነው መብታቸውን አሳልፎ መስጠት እንዳለበት የገባው። የሳምንት እንጀራው እነሱ ናቸው። እዚያው ቁጭ እንዳለ በችኮላ ሌላ ቤተሰብ ሣለ፣ የራሱን አባት፣ እናትና እኅቶች ስም ሰጣቸው፣ እነሱን ይዞ ገባ። ሲምፕሰንስ የሚባለው ካርቱን እንዲያ ነው የተወለደው። ጥንቸሎቹን እስከ 2012 ድረስ ሣላቸው፤ የእሱ እንደሆኑ ቀሩ።

ይህን የማነሣልሽ እንደ ተረት አይደለም፤ ሦስተኛ መንገድ እንዳለሽ ለማሳየት ነው። ስቱዲዮው «ሙሉ መብት ካልሆነ አንሠራም» ብሎ ከቆመ «ጦጢት አትሸጥም፣ በ150,000 ብር ግን አዲስ ገጸ ባሕርይ እሥልላችኋለሁ፣ እሷ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ትሁን» በያቸው። ይህ ንጹሕ ንግድ ነው። የእጅ ሥራሽን ሸጥሽ፣ ልጅሽን አልሸጥሽም። ቀልዴን እንዳይመስልሽ፣ እኔ ከንቧ በኋላ ያለፉትን ዓመታት የኖርኩት እንዲህ ነው፤ ለሌሎች የሣልኳቸው ገጸ ባሕርያት ከሠላሳ ይበልጣሉ፣ አንዷንም አልናፍቅም። የራሴ ሁለት አሉ፣ እነሱን ማንም አይነካቸውም።

«እንጀራው አኒሜሽን ላይ ነው» ያሉሽ ሰዎች አልተሳሳቱም፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ። በአገራችን ለአኒሜሽን የሚከፍለው ማነው ብለሽ ጠይቂ። ተመልካቹ አይደለም። ባንኩ፣ የሳሙና ማስታወቂያው፣ ስለ ክትባትና ስለ ንጽሕና የሚያስተምረው የእርዳታ ድርጅት ነው። ደመወዙ እውነት ነው፣ ከኮሚክስ ይበልጣል። ነገር ግን ከፋዩ የራሱን መልእክት ነው የሚገዛሽ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ከዚህ ወጥቶ የራሱን ገጸ ባሕርይ ያቆመ ካለ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ናት፤ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ከቤት ውስጥ በተሠራ አሻንጉሊት ጀምረው ቀጭኔዋን ልጅ ሁሉ የሚያውቃት አደረጓት። ገንዘቡ ከድጋፍም ቢመጣ ገጸ ባሕርይዋ የፈጣሪዎቿ ስለነበረች ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ይዘዋት ተሻግረዋል። በኮሚክሱ በኩል ደግሞ በ2018 የወጣውን «ጀምበር»ን ተመልከቺ፤ በስራት ደበበ በራሱ ማሳተሚያ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አወጣው፣ የአሳታሚ ደጅ ሲጠና አልቆየም።

ስቱዲዮው «ዩቲዩብ ላይ ለልጆች እናወጣታለን፣ ማስታወቂያው ብቻ ይበቃል» ካለሽ አንድ ነገር እወቂ። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ለልጆች የተሠሩ ቪዲዮዎች ላይ ዩቲዩብ ተመልካቹን እየተከታተለ የሚያሳየው ማስታወቂያ የለም፤ አስተያየት መስጫውም ተዘግቷል። የዚያ ማስታወቂያ ክፍያ ነበር የሚሻለው። ስለዚህ የልጆች ካርቱን ገቢ ከአሻንጉሊት፣ ከመጽሐፍ፣ ከደብተርና ከቲሸርት ነው የሚጠበቀው። «ሙሉ መብት» ሲሉሽ የሚፈልጉት በትክክል እሱን ነው። እኔ ይህን ከደብተር መደብር ነው የተማርኩት፣ አንቺ ከውሉ ላይ ተማሪው።

ስለ ሕጉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ ዘመን አቆጣጠር፤ በ872/2007 ተሻሽሏል) ለአንቺ መጥፎ አይደለም። ሥራሽ ጥበቃ የሚያገኘው ስትሠሪው ነው፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመንሽና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ በስልክ «እሺ» ማለት መብት አያሻግርም። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ (ከሥራው ገንዘብ የማግኘቱ መብት) የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። ስለዚህ ሽያጩን እምቢ ብለሽ ቅጥሩን ብቻ ብትፈርሚ እንኳ፣ በሥራ ሰዓት የምትሥያቸው አዳዲስ የጦጢት ሥዕሎች ወደ እነሱ ሊሄዱ ይችላሉ። የመጀመሪያዋ ጦጢት ያንቺ፣ የሁለተኛው ዓመቷ የእነሱ፤ እንዲህ ያለ ግማሽ ልጅ ለማንም አይሁን። በቅጥር ውልሽ ላይ አባሪ አድርጊ፦ ከመቀጠሬ በፊት የፈጠርኳቸው ገጸ ባሕርያት እነዚህ ናቸው፣ መቼም ብሥላቸው የእኔ ናቸው የሚል፣ ሥዕላቸው የተያያዘበት፣ በየገጹ የተፈረመበት።

ደግሞ ጦጢት ተረት ውስጥ አለች፤ እመት ጦጢትን ያላወቀ ማን አለ? «ጦጣ ተናገረች» የሚለው ሐሳብ የማንም አይደለም፣ አንቺም ልትከለክዪ አትችዪም። ያንቺ የሆነው በላዩ ያስቀመጥሽው ነው፦ የመልኳ አሣሣል፣ በሩ ላይ አቋቋሟ፣ በጅራቷ መልስ መስጠቷ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው ሾፌር። ስለዚህ ውሉ ላይ «ጦጣ» ተብሎ አይጻፍ፤ ሥዕሏ ከነመለያዋ ይያያዝ።

ፈቃድ ስትሰጪ ምን ይጻፍ? የአኒሜሽን መብት ብቻ፣ ለሦስት ዓመት። በ18 ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ክፍል ካላወጡ መብቱ ወዳንቺ ይመለስ፤ ይቺን አንቀጽ አትልቀቂያት፣ ገዝተው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። ኮሚክሱና መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ያንቺ። አሻንጉሊት፣ ደብተር፣ ልብስና ማስታወቂያ በየጊዜው በተለየ ስምምነት፣ ለእኩል ድርሻ። 150,000ውን ቅድሚያ ክፍያ አድርጊው። ድርሻሽን ግን «ከትርፉ» አታስብዪው፤ ትርፍ የሚባለው ነገር ከኪራዩ፣ ከመብራቱና ከሥራ አስኪያጁ መኪና ነዳጅ በኋላ የሚተርፍ ከሆነ አይተርፍም። ከትርፉ አሥር በመቶ ከሚሉሽ ከገቢው ሦስት በመቶ ይሻልሻል። ስምሽ በየክፍሉ መጀመሪያ ይጻፍ። ከመፈረምሽ በፊት ጠበቃ ያንብበው፤ ለአንድ ቀን ምክር የምትከፍዪው እኔ በንቧ ካጣሁት አይበልጥም።

ይህን ሁሉ ስትጠይቂ «ኧረ ይቺ ልጅ!» ይሉሽ ይሆናል። ይበሉሽ። 11 ሺህ ሰው የሚከተለው አንቺን ነው፣ በወር ደመወዝ የማይገዛ ነገር ይዘሽ ነው የተቀመጥሽው። በጣም ከገፉሽ ከአሜሪካዊው የኮሚክ ሣይ ከቢል ዋተርሰን ድፍረት ተበደሪ፤ «ካልቪንና ሆብስ» የሚባለውን የጋዜጣ ኮሚክ ከ1985 እስከ 1995 ሲሥል አሻንጉሊትም አኒሜሽንም አይሠራባቸውም ብሎ ከራሱ አከፋፋይ ጋር ዓመታት ተጣልቶ አሸንፏል። እኔ እንዲያ ሁኚ አልልሽም፣ እሱ የጋዜጣ ክፍያ ነበረው፣ አንቺ ኪራይ አለብሽ።

ኮሚክሱን አትተዪው ያልኩሽ ለገንዘብ ብቻም አይደለም። ያ ጦጢት ማታ ሒሳብ ቆጥራ ስትጨርስ አንድ ብር ጎድሎባት፣ ምንም ቃል የሌለበት ሳጥን ውስጥ ዝም ብላ የተቀመጠችበት አለ። አንባቢው እዚያ ላይ የፈለገውን ያህል ይቆያል። እኔ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። አኒሜሽን ውስጥ ያ ዝምታ ሁለት ሰከንድ ነው፣ ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ «ትንሽ ሙዚቃ እናስገባበት» ይላል። ሁለቱንም ብትችዪ አንዱ ለሌላው ጉልበት ይሰጠዋል፤ አንዱ ብቻ ከቀረሽ ግን ማንም ሳያስፈቅድሽ ልትሠሪው የምትችዪው ይቅርልሽ።

አንድ ነገር ዛሬ ማታ አድርጊ፣ ውሉ ከመምጣቱ በፊት። ለጦጢት አንገቷ ላይ ሻርፕ ሳዪላት፤ የቀዘቀዘ ጠዋት ላይ ገዛች በያቸው። ከፊት፣ ከጎን፣ በግማሽ ዞራና ከኋላ አድርጊያት፣ አንድ ሉህ ላይ፣ ከስምሽና ከቀኑ ጋር፣ ቻናልሽ ላይ ልቀቂው። ስቱዲዮው ሪግ ለማድረግ ሲቀመጥ ያንን ስፌት የሚሸፍን ነገር መፈለጉ አይቀርም፤ ሲፈልግ ያንቺ ሻርፕ አስቀድሞ እዚያ ይጠብቀው።